ነፋስ የሚበላቸው ፈረሶች

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ለሻይ ቆመ። ወርጄ እግሬን ሳፍታታ አጠገባችን ከቆመ የጭነት መኪና ላይ ፀሐይ ያጋለው የሸራ ሽታ መጣብኝ። ግራሶ፣ አቧራ፣ ገለባና ናፍጣ የተቀላቀለበት ሽታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር። እኔ ሻዬን ትቼ መኪናውን ዞርኩት። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ምን ጠፋሽ እህቴ?" አለኝ። ምንም አልጠፋኝም ነበር። አሥር ዓመት የሞላኝ ጥቅምት ነው ድንገት የመጣብኝ።

በዚያ ዓመት ወላጆቼ አማኑኤል አጠገብ ካለው የገጠር ቤታችን አውጥተው፣ ደብረ ማርቆስ እንድማር የአባቴ ታላቅ እህት ዘንድ አስቀምጠውኝ ነበር። እትዬ ትርንጎ ሹፌር ነበረች። ከደብረ ማርቆስ በአማኑኤል በኩል ደምበጫ የምትመላለስ አሮጌ ሚኒባስ ነበራት። በዚያ መስመር ላይ ከእሷ በቀር መሪ የያዘች ሴት አላየሁም። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ሁለት ትራስ ደርባ ትቀመጣለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች። ረዳት አትወድም፤ ራሷ ወርዳ በሩን ትከፍታለች፣ ራሷ ትዘጋለች፣ ለሽማግሌ ወንበር ያልለቀቀ ጎረምሳ ካለም ራሷ ጆሮውን ይዛ ታስነሳለች።

የሚኒባሷ ጣሪያ ላይ ፖርቶመጋላ፣ ማለትም የብረት ዕቃ መጫኛ፣ ነበረ። እሱ አልበቃ ብሏት ክረምት እህሉን ዝናብ እንዳይመታው በላዩ ላይ የቀስት ቅርጽ ያላቸው ብረቶች አስበይዳ ሸራ አልብሳዋለች። ከፊት ለፊት ደግሞ "ደብረ ማርቆስ ደምበጫ" የሚል ሰፊ ጣውላ ቆሟል። መኪናዋ ከሩቅ ስትታይ ሌላ ቤት አዝላ የምትሄድ ቤት ትመስል ነበር። እኔ ከዚያ የበለጠ የሚያምር መኪና በዓለም ላይ አለ ብትሉኝ አላምንም።

ችግሩ ይበልጣል ነው። ይበልጣል በዚያው መስመር የሚሠራ፣ አፍንጫዋ ክብ የሆነ አዲስ ሚኒባስ ያለው ጎልማሳ ሹፌር ነበር። ከአማኑኤል በፊት መንገዱ ሜዳ የሚሆንበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ከኋላችን ይደርሳል፣ ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ያንባርቃል፣ ያልፈናል። አማኑኤል ስንደርስ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ አግበስብሶ ሄዷል። ለእኛ የሚቀረው አቧራው ነው። እኔ የሚያሸንፈው በስሙ ይመስለኝ ነበር። "ይበልጣል" ተብሎ የተጠራን ሰው ማን ይበልጠዋል? አንድ ቀን እትዬን "ስምሽን ለምን አትቀይሪም?" ብላት መሪውን ይዛ እስክታነባ ሳቀች።

አንድ ቀን ግን አልሳቀችም። ይበልጣል ሲያልፈን የእኛው ተሳፋሪዎች ናቸው የሳቁት። አንዱማ "አክስቴ፣ ወርደን እንግፋ እንዴ?" አላት። ያን ዕለት ከሰዓት መካኒኩን ጋሽ ሞላን ይዛ ቤት መጣች። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

"ልገጥምልሽ ያልኩሽ ሞተር ካንቺው በሃያ ፈረስ ይበልጣል" አሉ ጋሽ ሞላ።

"የእኔዋ ስንት ፈረስ አላት?"

"ሰማንያ። ያኛው መቶ ነው። ከተገጠመልሽ ማንም አያልፍሽም።"

እትዬ ትንሽ አሰበችና "እንግዲህ ምን አደርጋለሁ" አለች። "ዳማን እሸጥና ሞተሩ ውስጥ አስገባታለሁ።"

እርሳሱ ከእጄ ወደቀ። ዳማ ጓሯችን የምትውል ባዝራ ፈረስ ናት። አያቴ ሲሞቱ ለእትዬ የተረፈችው እሷ ነበረች። ኮርቻ የሌላት፣ ጀርባዋ ሞቃት፣ ጆሮዋን ሳኩላት አፍንጫዋን ብብቴ ውስጥ የምትወሽቅ ባዝራ። እሷን ነው ሞተር ውስጥ የምታስገባት!

እነ እትዬ ሲወጡ ገመድ አነሳሁና ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ዳማን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ለካሁ። ከዚያ ገመዱን ይዤ ወደ መኪናዋ ሄድኩና ኮፈኑን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ለካሁት። ምንም ብትታጠፍ አንገቷ ይተርፋል። እንግዲህ ሰማንያዎቹ እንዴት ገቡ? ጆሮዬን ኮፈኑ ላይ ለጠፍኩ። ሞተሩ ገና እየበረደ ስለነበር ከውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የኮቴ ድምፅ ነው። አሉ! እዚያ ውስጥ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሰማንያ ፈረሶች ቆመዋል።

"ማስተዋል፣ ምን እያዳመጥሽ ነው?" አሉ ከኋላዬ መምህር ሙስጠፋ።

መምህር ሙስጠፋ ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል የተከራዩ የኮምቦልቻ ሰው ነበሩ፤ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራሉ። ገና ወጣት ቢሆኑም እኔ የዓለምን ነገር ሁሉ ያውቃሉ ብዬ ስለማምን በቀጥታ ጠየቅኳቸው።

"ቲቸር፣ ፈረስ ሞተር ውስጥ ሲገባ ይሞታል?"

ነገሩን እስኪረዱት ጊዜ ወሰደባቸው። ሲገባቸው ግን አልሳቁብኝም። መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጡና የፈረስ ጉልበት ማለት መለኪያ እንደሆነ፣ ድሮ ሰዎች የማሽንን አቅም ከሚያውቁት ፈረስ ጋር እያስተያዩ እንደሰየሙት፣ ውስጥ ጭራ ያለው ነገር እንደሌለ አስረዱኝ። ትንፋሼ ተመለሰ። ዳማ የምትሸጠው ግን እውነት መሆኑን ስነግራቸው ደብተሬን ወስደው አንድ ገጽ ሙሉ ቁጥር ጻፉ።

"አሁን መቶ አምስት ነው የምትሄደው ካልን፣ በሃያ ፈረስ የምታገኘው ሰባት ወይም ስምንት ኪሎሜትር ነው።"

"ብቻ? የቀሩት ፈረሶችስ?"

"ነፋስ ይበላቸዋል" አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር።

አለቀስኩ። አንድ ፈረስ ለማዳን መጥቼ ስንት ፈረስ ተበላ!

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ መምህር ሙስጠፋ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ግቢው መሃል ቆመው ጠበቁኝ። ዘርግተው ሰጡኝ። "እንደ ጋሻ ከፊትሽ ያዥና በእግርሽ ሂጂ" አሉኝ። ሄድኩ። ምንም የለም። "አሁን ሩጪ።" ስሮጥ የሆነ ሰው ከወዲያ ማዶ ጃንጥላውን በሁለት እጁ የገፋው ያህል ደረቴ ላይ ተመለሰ። ዘልዬ ከኋላው አየሁ። ማንም የለም። ደግሜ ሮጥኩ፣ ደግሞ ገፋኝ። በሦስተኛው እየጮህኩ ነበር የምሮጠው፤ ዶሮዎቹ ተበታተኑ፣ ዳማ ከጓሮ አንገቷን አውጥታ አየችኝ።

"ማነው የሚገፋኝ?"

"አየሩ ነው። ቆሞ የነበረውን አየር አንቺ ገጨሽው። ፍጥነትሽ እጥፍ ሲሆን በየሰከንዱ የምትገጪው አየር እጥፍ ይሆናል። የምትገጪበትም ኃይል እጥፍ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ሁለት?"

"አራት!"

"አራት እጥፍ የከበደውን ጃንጥላ ደግሞ በእጥፍ ፍጥነት ነው ይዘሽው የምትሮጪው። አራት ጊዜ ሁለት?"

"ስምንት!"

"ስለዚህ በእጥፍ ለመፍጠን ስምንት ማስተዋል ታስፈልጋለች።"

ስምንት ሆኜ፣ አንድ ጃንጥላ ይዤ በግቢው ውስጥ ስሮጥ ታየኝና በሳቅ ወደቅኩ። መምህሩ ግን አልጨረሱም። ሹፌር ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጦ መኪናው ከዚያ በላይ አልፈጥን የሚልበት ልክ እንዳለ ነገሩኝ። እዚያ ላይ ሞተሩ የሚሰጠውን ጉልበት፣ ጎማው ከሚወስደው ጥቂት በቀር፣ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ይወስደዋል። ለመፍጠኛ የሚተርፍ ነገር የለም። ከዚያ ጃንጥላውን አጥፈው ሰጡኝና "አሁንስ ሩጪ" አሉኝ። በረርኩ። ጉልበቴ ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ፣ ግን በረርኩ። ከአጥሩ ጋር ተላትሜ ስቆም ሁለታችንም እኩል ወደ መኪናዋ ዞርን። ጣሪያዋ ላይ የቆመውን ሸራ አየነው።

"ቲቸር፣ የእትዬ መኪና ጃንጥላ ይዛለች!"

እትዬን ማሳመን ግን ሌላ ነገር ነበር። ሽሮ እየበላን መምህሩ በትሕትና "እትዬ ትርንጎ፣ ሞተሩን ከመቀየርዎ በፊት ፖርቶመጋላውን ቢያወርዱት" ሲሏት ጉርሻዋ አየር ላይ ቀረ።

"ምን አልከኝ?"

"ነፋሱ የሚይዝዎት እሱ ላይ ነው። ሸራው፣ ጣውላው…"

"መምህር፣ እኔ ሃያ ኩንታል አስጭኜ ዳገት የወጣሁ ሴት ነኝ። ነፋስ ደግሞ ምን ክብደት አለው?"

"እንሞክረው። ለውጥ ካላመጣ እኔ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም።"

እትዬ እኔን አየችኝ። ዓይኔ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። "እሺ፣ እሑድ" አለች። "ካልሆነ ግን ሰኞ ዳማ ገበያ ትወጣለች። ለቅሶም አልሰማም።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድን። ከከተማው ወጣ ብሎ አስፋልቱ ያለቀ፣ ገና ለመኪና ያልተከፈተ አዲስ መንገድ ነበር። ዘበኛው የእትዬ ተሳፋሪ ስለሆነ ገመዱን ዝቅ አደረገልን። ግራና ቀኙ የኑግ አበባ ነው፤ ቢጫው ዓይን ያጭበረብራል። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጥቁር፣ የሬንጅ ሽታው ያልለቀቀው፣ ዳር ዳሩን ኖራ የተቀቡ የኪሎሜትር ድንጋዮች የተተከሉበት ነው። መምህር ሙስጠፋ ባለ ቁልፍ ሞባይላቸውን ሰከንድ መቁጠሪያው ላይ አድርገው ሰጡኝ። "የመጀመሪያውን ድንጋይ ስናልፍ ትጫኛለሽ፤ ሁለተኛውን ስናልፍ ደግሞ ትጫኛለሽ። ከዚህ ሌላ ሥራ የለሽም፤ አትተንፍሺ።"

በመጀመሪያ ሸራውና ጣውላው እንዳሉ ሄድን። እትዬ ከሩቅ ተንደርድራ፣ ማርሹን እየቀየረች፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠችው። ሸራው ከላያችን እንደ ከበሮ ይደበደባል። መስኮቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ድንጋዩ መጣ፣ ተጫንኩ። ሁለተኛው መጣ፣ ተጫንኩ። ሠላሳ አራት ሰከንድ። ተዳፋትና ነፋስ እንዳያታልለን ብለው መምህሩ በመልሱም አስለኩን። ያው ሠላሳ አራት።

"ሰዓቱ ውሸት ነው" አለች እትዬ። "የፍጥነት መለኪያዋ ቀስት መቶ አሥራ አምስት አልፋለች።"

"ቀስቷ ታሞግስዎታለች እትዬ ትርንጎ። ድንጋዮቹ ግን አያውቁዎትም።"

ጋሽ ሞላ መፍቻ ይዘው መጥተው ነበር፤ ፊታቸው ግን ተኮሳትሯል። ብሎኖቹ ዝገት ስለበላቸው አንዳንዱን ለመፍታት ሦስት ሰው ታገለ። ጣውላው ወረደ፣ ሸራው ወረደ፣ ቀስቶቹና መጫኛው አንድ ላይ ሆነው አስፋልቱ ዳር ተቀመጡ። መኪናዋ ራሷን የተላጨች መሰለችኝ፤ ሳያት አፈርኩላት።

እትዬ አማተበችና ተነሳን። ልዩነቱን ከቁጥሩ በፊት ጆሮዬ ሰማው። ከበሮው የለም። በምትኩ ቀጭን ፉጨት ከመስኮቱ ጥግ ይሰማል። ቢጫው አበባ አንድ ረጅም ሪባን ሆነ። እትዬ ወደፊት ዘንበል ብላ "እስቲ የኔ ልጅ! እስቲ!" እያለች ከመኪናዋ ጋር ታወራለች። ድንጋዩ! ተጫንኩ። ልቤ ከሞባይሉ በላይ ይመታል። ሁለተኛው ድንጋይ! ተጫንኩ። ቁጥሩን አይቼ ጮህኩ። በመልሱም ጮህኩ። ሠላሳ ሁለት! ሠላሳ ሁለት!

እትዬ መኪናዋን አቁማ ዞረች። "ሁለት ሰከንድ? ለሁለት ሰከንድ ነው ቤቴን ያፈረሳችሁት?"

"ሁለት ሰከንድ በየኪሎሜትሩ ነው" አሉ መምህር ሙስጠፋ። ላባቸውን እየጠረጉ ስሌቱን አሳዩዋት። "መቶ አሥራ ሁለት ገብተዋል። ያ ባለ መቶ ፈረስ ሞተር የሚያስገኝልዎት ይህንኑ ነበር።"

ጋሽ ሞላ መፍቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። እትዬ የመኪናዋን ባዶ ጣሪያ አየች፣ ኮፈኗን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። ዘበኛው ምን ተገኘ ብሎ ሮጦ መጣ። እኔ አስፋልቱ ላይ ጫማዬን አውልቄ ዘለልኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ወላጆቼን ልጠይቅ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ከእትዬ ጋር ወጣሁ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ይበልጣል እንደ ልማዱ ከኋላ መጣ። አንደኛውን ጥሩምባ ነፋ። ጎናችን ደረሰ። ሁለተኛውን ነፋ። እትዬ ነዳጁን ረገጠች። ጎን ለጎን ሄድን፤ ፊቱን በመስኮቱ አየሁት፣ ጥርሱ ገና ተገልጦ ነበር። ከዚያ የእሱ መስኮት ቀስ እያለ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ከዓይኔ ወጣ። ሦስተኛው ጥሩምባ አልተነፋም። ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ላይ ሲጮህ መኪናዋ የምትነሳ መሰለኝ። ከተማው መግቢያ ላይ ጋሪ ስላየች እግሯን አነሳች። አማኑኤል ላይ የቆመው ሰው ሁሉ የእኛ ሆነ።

ሰኞ መናኸሪያ ውስጥ እትዬ ተራ ልታስመዘግብ ሄዳ እኔ መኪናዋን ስጠብቅ ይበልጣል ሌሎች ሹፌሮችን አስከትሎ መጣ።

"ልጅት፣ አክስትሽ ምን ሞተር ነው ያስገባችው?"

"ያው ነው" አልኩት።

"ውሸት።"

ውሸታም መባል አልችልም ነበር። አንድ ሻጭ ይዞት የቆመውን ጃንጥላ ለምኜ ዘረጋሁና መናኸሪያው መሃል ሮጥኩላቸው። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት፣ አራት ጊዜ ሁለት ስምንት። ነፋስ ፈረስ ይበላል። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ ቀና ብለው የየራሳቸውን መኪና ጣሪያ ማየት ጀመሩ። እኔ በደስታ ሰክሬ ስለነበር ምን እያደረግኩ እንደሆነ አልገባኝም።

ሳምንት ሳይሞላ በመስመሩ ላይ ፖርቶመጋላ ያለው መኪና ጠፋ። ይበልጣልም የእሱን አውርዶ እንደገና አለፈን። ሦስት ጥሩምባ።

ቤት ገባን። እኔ እያለቀስኩ "እኔ ነኝ የነገርኳቸው" አልኳት።

"አውቃለሁ። መናኸሪያው ሁሉ ያወራዋል።"

"አሁን ዳማ ትሸጣለች?"

በማግስቱ አንድ ሰው ዳማን ሊያይ መጣ። ጥርሷን ገልጦ አየ፣ እግሯን አነሳ። "ረቡዕ እወስዳታለሁ" ብሎ ሄደ። ዳማ አፍንጫዋን ብብቴ ውስጥ ስትወሽቅ እኔ ነፋሱንም፣ ጃንጥላውንም፣ ስምንቱን ማስተዋልንም ረገምኩ። መምህር ሙስጠፋ እንኳ ሊያጽናኑኝ ብለው "የተናገርሽው እውነት ነው" ሲሉኝ ፊቴን አዞርኩባቸው።

ማክሰኞ ገበያ ነበር። እትዬ በጊዜ ወጥታ እኩለ ቀን ላይ ባዶ መኪና እየነዳች ተመለሰች። ፊቷ ግን ሌላ ነው። ሳትቀመጥ ጋሽ ሞላን አስጠራች።

"አማኑኤል መንገድ ዳር ስንት ሰው እንደቆመ ብታዩ!" አለች። "ጤፍ የያዘ፣ በርበሬ የያዘ፣ ዶሮ የያዘ። ይበልጣል መጣ፣ 'ዕቃ አልጭንም' ብሎ ነጎደ። ሌላውም መጣ፣ 'የት ላይ ልጫነው?' ብሎ ነጎደ። እኔም ስደርስ የምጭንበት የለኝ! ጋሽ ሞላ፣ ብረቴን መልሱልኝ። ሸራውን ጭምር።"

"ነፋሱስ እትዬ?" አልኳት።

"ይብላ! የሚጠግበውን ያህል ይብላ።"

ረቡዕ ሰውየው ገመድ ይዞ ሲመጣ "ባዝራዬ አትሸጥም" ብላ ከበር መለሰችው። እኔ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዤ ቆሜ ነበር፤ እጇን ወደ ኋላ ልካ ራሴን ዳበሰችኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ትምህርት ስላልነበረ አብሬያት ሄድኩ። ሸራው ከላያችን ይደበደባል። ይበልጣል ሜዳው ላይ ደረሰብን፣ ሦስቱንም ጥሩምባ ነፋ፣ አለፈ። እትዬ እጇን አውለበለበችለት። አማኑኤል ስንደርስ እሱ ግማሽ ወንበሩ ባዶ እንደሆነ ከከተማው እየወጣ ነበር፤ መንገዱ ዳር ግን ሰው ከነጆንያው እኛን ይጠብቃል። እትዬ ወርዳ በሩን ከፈተች። እኔ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ዕቃ መቀበል ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ አንዲት ባልቴት በጨርቅ የታሰረ የማር ባልዲ አቅፈው ቀረቡና ሽቅብ አዩኝ።

"ልጄ፣ ይህች መኪና ትፈጥናለች?"

ከጥቂት ሳምንት በፊት ቢሆን ስንት በስንት እንደምትሄድ፣ በስንት ሰከንድ፣ በስንት ፈረስ፣ ሁሉንም እዘረዝርላቸው ነበር።

"አትፈጥንም እማማ" አልኳቸው።

"እሰይ!" አሉና ባልዲውን ዘረጉልኝ። "እንግዲያው ማሬ አይፈስም።"